የኮክ ቅርጫትና የሁለት ገጽ ወረቀት፦ የዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ የሕይወት ታሪክ

አንድ ሥራ በተጀመረበት ሰዓት ዋጋውን የሚያውቅለት ሰው እምብዛም አይገኝም። ሠሪው የዕለቱን ችግር ለመገላገል ይጥራል፤ ተመልካቹም እንደ ተራ ነገር አይቶት ያልፋል። ሥራው የተሠራበት ዕቃ ሲያረጅ ይጣላል፤ የተጻፈበት ወረቀት ሲቆሽሽ ይቀደዳል። ዘመን አልፎ የሥራው ታላቅነት ሲገለጥ ግን ያ የተናቀ ዕቃና ያ የተጣለ ወረቀት በመብራት ቢፈለግ የማይገኝ ይሆናል።

ዲሴምበር 10 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሶዝቢ የሐራጅ ቤት፣ ሁለት ገጽ ያረጀ ወረቀት ለጨረታ ቀረበ። በወረቀቱ ላይ በጽሕፈት መኪና የተመቱ 13 የጨዋታ ደንቦች ይነበባሉ። በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የፈረሙበት የባሮች ነጻነት አዋጅ አንድ ቅጂ 3.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያወጣ፣ የጨዋታ ደንብ የሰፈረበት ይህ ወረቀት 4,338,500 ዶላር አወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአንድ የስፖርት ቅርስ በጨረታ እንዲህ ያለ ዋጋ ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

ደንቦቹን ያረቀቀው ጄምስ ኔይስሚዝ ይባላል። እርሱ በአማርኛ ቅርጫት ኳስ ተብሎ የሚጠራው ጨዋታ ፈጣሪ ሲሆን፣ በሕይወት ዘመኑ ከዚህ ፈጠራው ሀብት አላፈራም። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ የቅርጫት ኳስን የመጀመሪያ ዘመን ኳሶች፣ የብረት ቀለበቶች፣ ጫማዎችና የደንብ መጻሕፍት እያሰሱ የሚሰበስቡ ብዙ ሰዎች አሉ። እነርሱ የሚሰበስቧቸው ዕቃዎች ምን እንደሆኑና ስለምን ውድ እንደሆኑ ለመረዳት የሰውየውን ሕይወት ከመነሻው መከተል ይጠቅማል።

ከድንጋይ ውርወራ እስከ ዩኒቨርሲቲ

ኔይስሚዝ ኖቬምበር 6 ቀን 1861 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ አልሞንት በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ከስኮትላንድ ከፈለሱ ቤተሰቦች ተወለደ። በ1870 እ.ኤ.አ. አባቱና እናቱ በአንጀት ተስቦ በሽታ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞቱበት። የሙት ልጅ ሆኖ በመጀመሪያ በአያቱ፣ ቀጥሎም በእናቱ ወንድም እጅ አደገ። አጎቱ ሚስት ያላገባ፣ ሥራ ወዳድና ቆፍጣና ገበሬ ስለነበር፣ ልጁ ከብት መንዳትን፣ እንጨት መቁረጥንና የተሰበረ ዕቃ በእጁ መጠገንን ገና በለጋ ዕድሜው ለመደ። በአጎቱ ቤት የጀመሩትን ሥራ ሳይጨርሱ ሰው መጥራት ነውር ነበር።

የመንደሩ ልጆች ከትምህርት በኋላ ከሚጫወቷቸው ጨዋታዎች አንዱ በትልቅ ቋጥኝ ላይ አንድ ትንሽ ድንጋይ አስቀምጦ ከሩቅ ሌላ ድንጋይ በመወርወር እርሱን ማውረድ ነበር። ከቋጥኙ አጠገብ አንድ ጠባቂ ይቆማል። ድንጋዩን በኃይል አጥብቆ የወረወረ ልጅ ዒላማውን ከሳተ ድንጋዩ እጅግ ርቆ ስለሚሄድበት፣ አንሥቶ እስኪመለስ በጠባቂው ይያዛል። ወደ ላይ አጉኖ በእርጋታ የሚወረውር ልጅ ግን ቢስትም እንኳ ድንጋዩ በቅርብ ስለሚወድቅለት ያመልጣል። ኔይስሚዝ ከዚህ ጨዋታ አንድ ነገር ተማረ፤ ዒላማው በትክክል ሲቀመጥ ጉልበት ለብልሃት ቦታ ይለቃል። ይህ ትምህርት ወደ ሥራ የተለወጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በ15 ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን አቋርጦ ለጥቂት ዓመታት በእርሻና በደን ውስጥ በግንድ ቆራጭነት ሠራ። ኋላም ተጸጽቶ ዕድሜያቸው ከእርሱ ከሚያንስ ልጆች ጋር እንደገና በአንድ ወንበር ተቀምጦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አጠናቀቀ። በ1883 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ወደሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም ከትምህርቱ ጎን ለጎን ራግቢ፣ ላክሮስና ጂምናስቲክ ይጫወት ነበር። ቀጥሎ የነገረ መለኮት ትምህርት ሲያጠና፣ ቄስ ለመሆን የሚማር ሰው በሜዳ ላይ ሲጋፋ መታየቱ ጓደኞቹን አሳዘናቸው፤ ስለ እርሱ የጸለዩም ነበሩ። እርሱ ግን ወጣቶችን በሥነ ምግባር ለማነጽ የጨዋታ ሜዳ ከመድረክ ያላነሰ ጥቅም እንዳለው አመነ። ስለሆነም በ1890 እ.ኤ.አ. የነገረ መለኮት ትምህርቱን እንደጨረሰ ደብር ከመያዝ ይልቅ፣ ድንበር ተሻግሮ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ወደሚገኝ የሥልጠና ትምህርት ቤት ሄደ። ትምህርት ቤቱ በኢትዮጵያ ወወክማ በሚል ምህጻር ለሚታወቀው ለወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ሠራተኞችን የሚያሠለጥን ነበር።

የ14 ቀን ጊዜ

በ1891 እ.ኤ.አ. የክረምት ብርድ ሲገባ በትምህርት ቤቱ አንድ ችግር ተነሣ። በበጋ ሜዳ ላይ የሚጫወቱ ተማሪዎች በክረምት በአዳራሽ ውስጥ ከሰልፍና ከእጅ ማንሣት ልምምድ በቀር የሚሠሩት አልነበረም። በተለይም 18 አባላት ያሉት አንድ ክፍል እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። ተማሪዎቹ በዕድሜ የበሰሉና ለጽሕፈት ቤት ሥራ የሚዘጋጁ ስለነበሩ ልምምዱን እንደ ልጅ ሥራ ቆጠሩት፤ ሁለት መምህራንም ተሞክረው አልተሳካላቸውም። የክፍሉ የበላይ ኃላፊ ሉተር ጉሊክ ተማሪዎቹን ለኔይስሚዝ አስረከበውና፣ በአዳራሽ ውስጥ በመብራት የሚጫወቱት፣ ጉዳት የማያደርስ አዲስ ጨዋታ በ14 ቀን ውስጥ እንዲያዘጋጅ ሰጠው።

ኔይስሚዝ በመጀመሪያ የታወቁትን የሜዳ ጨዋታዎች እየለወጠ ወደ አዳራሹ ለማስገባት ሞከረ። ራግቢው ለጠንካራ ወለል የማይሆን ግጭት አመጣ፤ እግር ኳሱ መስኮቶችን አስጋ፤ ላክሮሱም የተጫዋቾችን ፊትና እጅ አቆሰለ። የተሰጠው ቀን ሊያልቅ ሲቃረብ መንገዱን ለወጠ። ያለውን ጨዋታ ማሻሻሉን ትቶ ጨዋታዎች ሁሉ ከምን እንደተሠሩ መመርመር ጀመረ።

አስተሳሰቡ ለማንኛውም የቴክኒክ ባለሙያ የሚገባ ነው። የታወቁት የቡድን ጨዋታዎች ሁሉ ኳስ አላቸው። ኳሱ ትንሽ ከሆነ መምቻ ዱላ ያስፈልገዋል፤ ዱላ ደግሞ ለመልመድ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ኳሱ ትልቅና በእጅ የሚያዝ ይሁን። በራግቢ ሰው የሚጠለፈውና የሚወድቀው ኳስ ይዞ ስለሚሮጥ ነው፤ ስለዚህ ኳስ ይዞ መሮጥ ይከልከል፤ መሮጥ ከሌለ ጠልፎ መጣልም አይኖርም። ግቡ እንደ በር ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ተጫዋቹ ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታል፤ ስለዚህ ግቡ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ የተጋደመ ይሁን። እዚህ ላይ ያ የአልሞንት የድንጋይ ውርወራ ትዝ አለው። ግቡ በምድር ላይ ከተቀመጠ ተከላካዮች ከብበው ይዘጉታል፤ ስለዚህ ከራሳቸው በላይ ይሰቀል። እንዲህ አድርጎ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ጨዋታውን አንድም ዕቃ ሳይነካ በአእምሮው ሠራው።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃ ፍለጋ ወጣ። ኳስ ከትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ አገኘ። ለግብ የሚሆኑ ጎናቸው 18 ኢንች፣ ማለትም 45.7 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ሣጥኖች እንዲሰጠው ሕንፃውን የሚጠብቀውን ስቴቢንስን ጠየቀው። ስቴቢንስ ሣጥን አልነበረውም፤ በዕቃ ቤቱ የነበሩ ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫቶች ግን አመጣለት። ችግር በቅቤ ያስበላል እንዲሉ፣ የሣጥኑ መታጣት ለጨዋታው ስም ሰጠው። ኔይስሚዝ ቅርጫቶቹን በአዳራሹ ሁለት ጫፎች በሰገነቱ መደገፊያ የታችኛው እንጨት ላይ በምስማር መታቸው። እንጨቱ ከወለሉ በ10 ጫማ፣ ማለትም በ3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኝ ነበር። ይህን ልኬት በጥናት የወሰነው ማንም የለም፤ የአንድ ሕንፃ ሰገነት የወሰነው ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የቅርጫት ኳስ ቀለበት የሚሰቀለው በዚሁ ከፍታ ነው። የቀለበቱም የውስጥ ስፋት ኔይስሚዝ ለሣጥኖቹ የጠየቀው ያው 18 ኢንች ገደማ ነው።

ደንቦቹን በወረቀት አርቅቆ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በጽሕፈት መኪና መታችለትና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፉ። ዲሴምበር 21 ቀን 1891 እ.ኤ.አ. 18ቱ ተማሪዎች ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ተጫወቱ። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ፤ ብቸኛዋን ግብ ያስቆጠረው ዊልያም ቼስ የተባለ ተማሪ ነበር። ያ አልታዘዝ ያለ ክፍል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአዳራሹ አልወጣ አለ።

የተሰረቀው ወረቀት

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደንቦቹ የተጻፉባቸው ሁለት ገጾች ከሰሌዳው ላይ ጠፉ። የወሰዳቸው ከተማሪዎቹ አንዱ፣ የሰሜን ካሮላይናው ፍራንክ ማሃን ነበር። ማሃን ጨዋታው ታላቅ እንደሚሆን ገምቶ ወረቀቱን ለመታሰቢያ ሊያስቀር አስቦ ነበር፤ በኋላ ግን ተናግሮ ለመምህሩ መለሰለት። ለጨዋታው በፈጣሪው ስም እንዲጠራ ሐሳብ ያቀረበውም እርሱ ነው። ኔይስሚዝ በዚህ ስቆ እምቢ ባለ ጊዜ፣ ማሃን ቅርጫትና ኳስ የሚሉትን ሁለት ቃላት አጣምሮ ዛሬ የሚጠራበትን ስም አወጣ። ስለዚህ የዚህ ጨዋታ ቅርስ የመጀመሪያው ሰብሳቢ ማሃን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ወረቀቱ በሰሌዳው ላይ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛውም ማስታወቂያ ተቀዶ ይጣል ነበር።

ቅርጫቶቹ ግን የሚያስቀራቸው ሰው አላገኙም። ሲያገለግሉ ቆይተው ብዙም ሳይቆዩ በሽቦ በተሠሩ ቅርጫቶች ተተኩ። የመጀመሪያው ጨዋታ የተካሄደበት ሕንፃም ዛሬ የለም። በአንጻሩ በፓሪስ፣ በትሬቪዝ መንገድ ላይ በሚገኘው የዚሁ ማኅበር ሕንፃ፣ በ1893 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ የተደረገበት አዳራሽ ከነእንጨት ወለሉና ከነብረት ምሰሶዎቹ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ2019 እ.ኤ.አ. በመንገዱ ላይ የደረሰው የጋዝ ፍንዳታ ግን በሕንፃው ላይ ጉዳት አድርሷል። አንድ ቅርስ የሚተርፈውም የሚጠፋውም በታላቅነቱ ሳይሆን በአጋጣሚ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዕቃዎቹ የሚናገሩት

ጨዋታው ከስፕሪንግፊልድ ወጥቶ በማኅበሩ ቅርንጫፎች አማካይነት ሲስፋፋ፣ መሣሪያዎቹ ከዓመት ወደ ዓመት ተለወጡ። የለወጣቸውም በአገልግሎት ላይ የታየው ጉድለት ነው። በቅርጫቱ ውስጥ የገባ ኳስ ስለማይወርድ ግብ በተቆጠረ ቁጥር አንድ ሰው በመሰላል እየወጣ ያወርደው ነበር። በ1893 እ.ኤ.አ. በሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ የነበረው ናራጋንሴት የመሣሪያ ፋብሪካ የብረት ቀለበትና ከሥሩ የተዘጋ የገመድ መረብ ሠራ፤ ዳኛው ገመድ ሲስብ መረቡ ተገልብጦ ኳሱን ይለቃል። ታችኛውን የመረቡን ጫፍ ከፍቶ መተው የሚለው ቀላል መፍትሔ በሰፊው የተለመደው ግን በ1910ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ለመፈጠር የቀለለው ሐሳብ ለመታሰብ ሃያ ዓመት ያህል ወሰደ።

ከቅርጫቱ በስተጀርባ ያለው ሰሌዳም ሲጀመር ለጨዋታው አልታሰበም። በሰገነቱ ላይ የሚቀመጡ ተመልካቾች እጃቸውን እየሰደዱ የወገናቸውን ኳስ ወደ ቅርጫቱ ይገፉ፣ የባላጋራቸውን ይመልሱ ነበር። ይህን ለመከላከል በ1890ዎቹ አጋማሽ ቁመቱ 4 ጫማ፣ ስፋቱ 6 ጫማ የሆነ የሽቦ መከታ ተደረገ። ሽቦው በኳስ ሲመታ ስለሚጎደጉድ የጉድጓዱን ጠባይ የሚያውቀው የአገሩ ቡድን ተጠቀመበት፤ ስለዚህ ሽቦው በእንጨት ተተካ። እንጨቱ ደግሞ የተመልካችን ዓይን ስለሚጋርድ መስተዋት ተከተለው። የተመልካችን እጅ ለማገድ የቆመው መከታ በመጨረሻ ተጫዋቹ ኳስ የሚያነጥርበት ዋና መሣሪያ ሆነ።

ኳሱም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገለገለው የእግር ኳስ ለእጅ አነስተኛ ስለሆነ፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ገደማ ዙሪያው ከ30 እስከ 32 ኢንች የሚደርስ ልዩ ኳስ መሠራት ጀመረ። ከቀደምት ሠሪዎቹ መካከል በማሳቹሴትስ፣ ቺኮፒ ፎልስ የነበረው የኦቨርማን የብስክሌት ኩባንያ ይገኝበታል። ኳሱ ከቆዳ ተሰፍቶ በውስጡ የጎማ ከረጢት ይገባበትና አፉ እንደ ጫማ በጠፍር ይታሰራል። ጠፍሩ ጎበጥ ብሎ ስለሚታይ ኳሱ በእርሱ በኩል ወለል ሲነካ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይነጥራል። ኳስ እያነጠሩ መሄድ በጨዋታው ውስጥ ቦታ እያገኘ ሲመጣ ይህ ጉድለት እየጎላ ሄደ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደማም ጠፍሩ ከኳሱ ላይ ጨርሶ ወጣ።

ሰብሳቢዎች ዕቃዎቹን የሚያነቡት እንዲህ ነው። ሥሩ የተዘጋ መረብ፣ የሚሳብ ገመድ ያለው ቀለበት፣ ጠፍር ያለው የቆዳ ኳስ እያንዳንዱ የአንድ ዘመን ምልክት ነው። አሮጌ የእግር ኳስ በስሕተትም ሆነ በተንኮል የቅርጫት ኳስ ተብሎ ሲሸጥ ዙሪያውን በሜትር የለካ ሰው አይታለልም። በ1896 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ፣ ትሬንተን ሜዳውን በሽቦ አጥር የማጠር ልማድ ስለተጀመረ፣ ከዚያ አጥር የቀረ ቁራጭ የጨዋታውን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይናገራል። የኮንቨርስ ኩባንያ ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራቸው የሸራ ጫማዎችም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ዕቃዎች ብርቅ የሆኑት በጥንቱ ጊዜ ጥቂት ስለተሠሩ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም እስኪያልቁ ድረስ በሥራ ላይ ስለዋሉ ነው። ቆዳው ተሰነጠቀ፣ ጎማው ደረቀ፣ ብረቱ ዝጎ ተጣለ። ያረጀ የቆዳ ኳስ ዛሬ ቢገኝም በአየር ቢነፋ ስፌቱ ይተረተራል፤ የሚያውቅበት ሰው በለስላሳ ነገር ሞልቶ ቅርጹን ይጠብቅለታል።

ከካንሳስ እስከ በርሊን

ኔይስሚዝ በጨዋታው መስፋፋት ቢደሰትም ባለቤትነቱን አልጠየቀም። በ1894 እ.ኤ.አ. በስፕሪንግፊልድ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተጫዋቾች መካከል የነበረችውን ሞድ ሸርማንን አገባ፤ አምስት ልጆችም ወለዱ። በ1895 እ.ኤ.አ. ወደ ዴንቨር ሄዶ በማኅበሩ ቅርንጫፍ እየሠራ ሕክምና ተማረና በ1898 እ.ኤ.አ. በሐኪምነት ተመረቀ። በዚያው ዓመት ሎውረንስ ከተማ በሚገኘው በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የጸሎት ቤት ኃላፊና የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኖ ተቀጠረ፤ ቀሪ ዕድሜውንም በአብዛኛው በዚያ አሳለፈ።

በካንሳስ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ የቅርጫት ኳስ ቡድን እስከ 1907 እ.ኤ.አ. ድረስ መራ። በዚህ ጊዜ ውስጥ 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸነፈ። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የሚበልጥ አሠልጣኝ እርሱ ብቻ ነው። ይህ ግን አላሳፈረውም፤ ጨዋታውን የሠራው ሰውነትንና ጠባይን ለማነጽ እንጂ ለማሸነፍ አልነበረም። ራሱም የተጫወተው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። ተማሪው ፎግ አለን አሠልጣኝ ለመሆን ሲነሣ ኔይስሚዝ ይህ ጨዋታ የሚጫወቱት እንጂ የሚሠለጠንበት አይደለም ብሎ እንደመከረው ይነገራል። አለን ምክሩን ባይቀበልም የመምህሩን ስም ከማንም በላይ ያስከበረ ሰው ሆነ።

በ1930ዎቹ ጆን ማክሌንደን የተባለ ጥቁር ወጣት በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ነበር። በዘመኑ በነበረው የዘር ልዩነት ምክንያት በዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ መጫወት አልተፈቀደለትም። ሽማግሌው ኔይስሚዝ ግን ተቀብሎ አስተማረው፤ ምክሩንም አልነፈገውም። ማክሌንደን በኋላ ከታላላቆቹ የአሜሪካ አሠልጣኞች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

በዚህ መካከል ኔይስሚዝ በ1916 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ጠረፍ ከካንሳስ ወታደሮች ጋር በቄስነት አገለገለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በማኅበሩ በኩል ወደ ፈረንሣይ ሄዶ በወታደሮች መካከል ሠራ። በ1925 እ.ኤ.አ. የዩናይትድ ስቴትስ ዜግነት አገኘ።

በ1936 እ.ኤ.አ. ቅርጫት ኳስ በበርሊን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳልያ የሚሰጥበት ውድድር ሆነ። የ74 ዓመቱ ኔይስሚዝ ግን እስከ በርሊን የሚያደርስ ገንዘብ አልነበረውም፤ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኞች ማኅበር መዋጮ አሰባስቦ ላከው። ሚስቱ በሕመም ምክንያት አብራው መሄድ አልቻለችም። የፍጻሜው ግጥሚያ የተደረገው ጣራ በሌለው ሜዳ ላይ፣ በዝናብ በራሰ መሬት ላይ ነበር። ለክረምት አዳራሽ ታስቦ የተፈጠረው ጨዋታ በጭቃ ላይ ሆነ፤ ኳሱም መንጠር አልቻለም። ዩናይትድ ስቴትስ ካናዳን 19 ለ 8 አሸነፈች። ኔይስሚዝ የተወለደበትንና የኖረበትን አገር ቡድኖች በአንድ ሜዳ ላይ አየ፤ ከዚያም ሜዳልያዎቹን በእጁ ሰጠ።

ከበርሊን ከተመለሰ በኋላ በ1937 እ.ኤ.አ. ሚስቱ ሞተች፤ በዚያው ዓመት ከሥራው በጡረታ ተሰናበተ። በ1939 እ.ኤ.አ. እንደገና ትዳር መሠረተ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ኖቬምበር 28 ቀን በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ በ78 ዓመቱ በሎውረንስ ዐረፈ። ስለ ጨዋታው አጀማመርና ዕድገት ያዘጋጀው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። በስሙ የተሰየመው የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽም በ1959 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1968 እ.ኤ.አ. በስፕሪንግፊልድ በሩን ለሕዝብ ከፈተ።

ወደ ግድግዳው የተመለሰው ወረቀት

ማሃን የመለሰለትን ሁለት ገጽ ወረቀት ኔይስሚዝ አልጣለውም። በ1931 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ረቂቅ መሆኑን በራሱ እጅ ጽፎ ፈረመበት። ይህ ጥቂት መስመር ጽሕፈት የወረቀቱን እውነተኛነት ከማንኛውም ምስክር በላይ አረጋገጠ። ወረቀቱ በቤተሰቡ እጅ ቆይቶ በ2010 እ.ኤ.አ. ለሐራጅ ሲቀርብ፣ በሎውረንስ በኔይስሚዝ ስም በተሰየመ ጎዳና ላይ ያደገው ባለጸጋው ዴቪድ ቡዝ ከባለቤቱ ጋር ገዛው። የገዛውም ለዩኒቨርሲቲው ሊሰጠው አስቦ ነበር። ዛሬ ኔይስሚዝ ባስተማረበት ግቢ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በተከፈተ ሕንፃ ውስጥ በመስተዋት ተሸፍኖ በግድግዳ ላይ ይታያል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያ ሰዎች የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። ኔይስሚዝ ከችግር የተነሣ ሐሳብ አፈለቀ፤ ሐሳቡን በ13 አንቀጽ ጻፈው፤ ሌሎችም በየዓመቱ እያሻሻሉት እዚህ ደረሰ። ከመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች አብዛኞቹ የጠፉት የሚጠብቃቸው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የተሻለው ሲመጣ የቀደመው ጥቅም ያለቀለት ስለመሰለ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ንድፍ ሲጸድቅ አሮጌው ንድፍ፣ አዲስ መሣሪያ ሲገባ የቀደመው መሣሪያ፣ ሥራው ሲያልቅ የስሌቱ ደብተር በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ከዘመናት በኋላ ግን አንድ ድልድይ ለምን በዚያ ቦታ እንደቆመ፣ አንድ ከፍታ ለምን በዚያ ልክ እንደተወሰነ የሚጠይቅ ይመጣል። የ3.05 ሜትሩ ምክንያት ሊታወቅ የቻለው ኔይስሚዝ ስለ ሰገነቱና ስለ ቅርጫቱ ሳይታክት በጽሑፍ ስለተወ ነው። ከእርሱ የሚቀሰመው ልማድ ብዙ ወጪ የለውም፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ ማስቀመጥ፣ ቀኑን መጻፍና ስምን መፈረም ነው።

በአማርኛም ሆነ በሌሎች ቋንቋዎች ተጫዋቾች ዛሬም ቅርጫት የሚል ስም ይጠራሉ። ያ የኮክ ቅርጫት ግን ከ1890ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በጨዋታ ላይ አልታየም። ዕቃው ጠፍቶ የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ስሙም የቀረው አንድ መምህር ሣጥን ፈልጎ ስላጣና አንድ ተማሪ ወረቀት አንሥቶ ስለደበቀ ነው።